የሳንድ ክሪክን በር የዘጋው ማነው?

በእኛ ካውንቲ፣ ወረዳ እንደማለት ነው፣ ሰው በአጥር፣ በመስኖ ውሃና በትምህርት ቤት እግር ኳስ ይጣላል እንጂ በምርጫ ጽሕፈት ቤት ተጣልቶ አያውቅም ነበር። የምርጫ ጽሕፈት ቤት ማለት ለእኛ አርዲስ ኮላር ማለት ናት። የካውንቲው ጸሐፊ እሷ ነበረች፤ ምርጫውንም የምታስኬደው እሷው። የእሷ ተራ ሲደርስ ስሟ ያለ ተቀናቃኝ ብቻውን ይወጣል፣ እኛም ምልክት አድርገንበት ወደ ሥራችን እንሄዳለን። ስለዚህ በጸደዩ ምርጫ ጠዋት የሳንድ ክሪክ ሰዎች ሁልጊዜ ድምፅ የሚሰጡበት የመንደሩ አዳራሽ ተቆልፎ ሲያገኙት መጀመሪያ የጠረጠሩት ራሳቸውን ነው። ቀን የተሳሳቱ መሰላቸው።

አልተሳሳቱም። በሩ ላይ «ምርጫው ወደ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ተዛውሯል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። መኪናቸውን አዙረው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። እሱም ተቆልፏል። ፓስተሩ አገር ውስጥ የለም፤ ስለ ምርጫ የነገረውም ሰው አልነበረም። ገሚሱ ወደ አዳራሹ ተመለሰ፣ ገሚሱ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀ፣ የሚበዛው ግን ከብቱን ሊያጠጣ ወይም ወደ ሥጋ ፋብሪካው ሊገባ ሄደ። የአርዲስ ምክትል ግራሲዬላ ሬይኖሳ የድምፅ መስጫ መሣሪያውን ጭና ደርሳ የአዳራሹን ቁልፍ አስሰብራ በሩን ስታስከፍት ጠዋቱ አልቆ ነበር።

ከሄዱት ውስጥ ሬይ ስቶልትዝና አባቱ ኤሚል ነበሩበት። ኤሚል ዘጠናን አልፏል፤ የኦክስጅን ጠርሙሱን በጎማ እየጎተተ ነው የሚሄደው። ያን ቀን ሬይ አባቱን አዳራሹ በር ላይ አወረደው፣ መልሶ ጫነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አወረደው፣ መልሶ ጫነው። ከዚያ ሽማግሌው ፊቱ ሰማያዊ ሲሆን ጊዜ ወደ ቤት ይዞት ገባ። በበጋው መጀመሪያ ላይ ቀበርነው።

ከቀብሩ በኋላ ሬይ የካውንቲው ቦርድ ስብሰባ ላይ ተነሣ። ሬይ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም።

«ማንም ይባረር አላልኩም» አለ። «አባቴ ለምን ሁለት የተቆለፈ በር ፊት እንደቆመ ይነገረኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

የቦርዱ ሊቀመንበር ዱዌን ፖስፒሽል ይጣራል ብሎ ቃል ገባ። ከዚያ ማን እንደሚያጣራ ጠፋው። የቦርዱ ጠበቃ አርዲስ በሕዝብ የተመረጠች ስለሆነች የእኛ ተቀጣሪ አይደለችም አለ። ዋና ከተማ፣ የክፍለ ግዛቱ ምርጫ ቢሮ ተደወለ፤ እዚያ ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ነገር የሚያየው ራሱ ካውንቲው ነው ብሎ መለሰ። የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ደግሞ እኔም ስወዳደር ድምፁን የምትቆጥረው አርዲስ ናት፣ እንዴት ብዬ ነው እሷን የምመረምረው አለ። ሁሉም የተናገረው ትክክል ነበር፤ አንድ ላይ ሲደመር ግን ምንም አይወጣውም። በመጨረሻ ገለልተኛ ሰው ይመደብ ተባለና ጎረቤቴን ሆሊስ ብራንድቮልድን ጠሩት። ይህን የምነግራችሁም ከእሱ የሰማሁትን ነው፤ ጥቂቱን ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን።

ሆሊስ ጡረታ የወጣ የከብት ሐኪም ነው። በካውንቲው ውስጥ እጁን ሰዶ ጥጃ ያላወጣበት በረት የለም። ስለ ምርጫ አሠራር ምንም አላውቅም ብሎ ሊያመልጥ ሞክሮ ነበር።

«ለዚህ እኮ ነው የፈለግንህ» አለው ዱዌን። «የሚያውቅ ሰው ሁሉ ወገን አለው።»

ሆሊስና አርዲስ በአንድ ክፍል የተማሩ ናቸው። ጽሕፈት ቤቷ ሲሄድ ኮላቼ የሚባለውን በአፕሪኮት የተሞላ ጣፋጭ ዳቦ አቅርባ፣ ካቢኔቱን ሁሉ ከፍታ፣ የጠየቃትን ሁሉ መለሰችለት። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ እንዴት እንደሚታሸግ፣ መቁጠሪያው ማን ፊት እንደሚፈተሽ፣ የምርጫ ጣቢያ ሲዛወር ሕጉ ምን እንደሚል ቁጥሩን ጠቅሳ በቃሏ ነገረችው። ስለ ሳንድ ክሪክ ሲጠይቃት የአዳራሹ ጣሪያ ስለሚያፈስ ለማዛወር ታስቦ እንደነበር፣ ከዚያ መነጋገር ላይ ስሕተት እንደተፈጠረ፣ ጥፋቱን እንደ ኃላፊ እሷ እንደምትወስድ ነገረችው። በዚህች ሴት ላይ ስሕተት የሚፈልግ ሰው ያመዋል ብሎ አሰበና ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

የመኪና ማቆሚያው ላይ ምክትሏ ግራሲዬላ፣ ሁላችን ግራሲ የምንላት፣ እየሮጠች ደረሰችበት።

«ዶክተር፣ እኔ ነኝ» አለችው። «ለፓስተሩ መደወል የእኔ ሥራ ነበር፤ ረሳሁት። አርዲስ የለችበትም። እንደዚያ ብለው ይጻፉ።»

ሆሊስ አመስግኗት ሄደ። በቃ አለቀ ብሎ ነበር። በማግስቱ ሆሊስ ሣር ሲያጭድ የጽሕፈት ቤቱን ዕቃ የሚያመላልሰው ቨርን በፒክአፑ መጣና ማጨጃውን እንዲያጠፋው በእጁ ምልክት ሰጠው። ቨርን ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ምሽቱን ቢራ አብዝቶ፣ ጠዋት እንቅልፍ ጥሎት፣ መሣሪያውን በሰዓቱ ሳያደርስ ቀረ። ሆሊስ ታዲያ ግራሲ ለፓስተሩ መደወሉን ረስታ ከሆነ፣ አንተ በሰዓቱ ብትደርስስ በሩን ማን ይከፍትልህ ነበር ብሎ ጠየቀው። ቨርን ጫማውን አየ፤ ከዚያ ግራሲን አትስማት፣ ተኝቼ ነበር አልኩህ እኮ ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

ሦስተኛው ሰው ደግሞ ጭራሽ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ አልነበረም። የአርዲስ ባል ስታን ነው። እህል ማራገፊያው ጋ ሆሊስን ጥግ ይዞ፣ ወረቀቱን በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ በሌላ በር ላይ መለጠፍ ሲገባኝ ተሳስቼ ነው፣ አለው። ሆሊስ በየትኛው በር መለጠፍ ነበረበት ብሎ ጠየቀው። ስታን አሰበና፣ «በሌላ» አለ።

ያን ሰሞን ሆሊስ አጥሩ ላይ ክንዱን አስደግፎ እንዲህ ብሎኛል፦ አርባ ዓመት በሙሉ ኮርማው የማን እንደሆነ፣ አጥሩን ማን እንዳፈረሰ ስጠይቅ ሁሉም እኔ አይደለሁም ሲለኝ ኖሬያለሁ፤ ያንን አውቅበታለሁ፤ ሁሉም እኔ ነኝ ሲል ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ሦስቱም ውሸታም ሰዎች አይደሉም፣ ሦስቱም ደግሞ ዋሽተውኛል። አርዲስን ሊያጠፋት የሚፈልግ ሰው ቢኖር ኖሮ ነገሩ ይገባው ነበር። የሚጠላት ግን አጣ።

በመጨረሻ ሁለቱን በሮች በዓይኔ ልያቸው አለ። አርዲስን ይዟት ለመሄድ ጠየቃት፤ ደስ አላት። እሱ እየነዳ፣ እሷ መንገዱን እየመራችው ወጡ። በቆሎው ከሰው በላይ ሆኗል፤ መንገዱ በሁለት አረንጓዴ ግድግዳ መሀል ነው የሚሄደው። በመንገዱ ሁሉ ስለ ክፍል ጓደኞቻቸው እየቀለደች ታስቀው ነበር። ወደ ሳንድ ክሪክ የሚገነጠለው ጋ ሲደርሱ ሆሊስ ፍሬቻ አበራ።

«ቀጥ በል» አለችው።

«አዳራሹ በዚህ አይደለም እንዴ?»

«ሆሊስ፣ እኔ ነኝ ወይስ አንተ ነህ ምርጫ የምታስኬደው? ቀጥ በል።»

ቀጥ አለ። ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ በጠጠሩ መንገድ እስከ ጫፍ። አቁም ስትለው አቆመ። ወረደች፤ ቁልፏን ከቦርሳዋ አውጥታ ይዛለች። ከፊቷ ያለው በቆሎ ብቻ ነው። ድሮ እዚያ ቦታ ላይ አንዲት ክፍል ያላት የገጠር ትምህርት ቤት ነበረች። አርዲስ ሥራ በጀመረችበት ዘመን የሳንድ ክሪክ ሰው ድምፅ የሚሰጠው እዚያ ነበር። ትምህርት ቤቷ ከፈረሰች ግን ልጆቻችን ልጆች ወልደዋል።

ቁልፉን ይዛ ቆመች። መጀመሪያ የተቆጣች ትመስል ነበር።

«ማን ፈቅዶ ነው ያፈረሰው?» አለች። «ለእኔ ሳይነገረኝ?»

ሆሊስ እውነቱን ልንገራት ወይስ ዝም ልበል እያለ ሲያመነታ፣ እሷ ራሷ ዘወር ብላ በቆሎውን፣ መንገዱን፣ እሱን አየች። ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄ አይደለም፣ አይደል?»

«አይደለም፣ አርዲስ።»

የመኪናው መርገጫ ላይ ተቀመጠች። ግራሲ እንዲህ መርሳቷን ታውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ይመስለኛል አላት። ቨርንስ? እሱም። ስታን? ሆሊስ አዎ በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ብቻ ነኛ ያላወቅሁት» አለች።

አሁን ነገሩ ለሆሊስ ግልጽ ሆነ፤ ዝርዝሩን ደግሞ በዚያው ሰሞን ከሦስቱ አፍ አወጣው። ጣቢያውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ያዛወረችው አርዲስ ናት። ወረቀቱን አሳትማ ለስታን የሰጠችው፣ ለፓስተሩ እኔ እደውላለሁ ያለችው እሷ ናት፤ ሳትደውል ቀረች። ቨርን መሣሪያውን በሰዓቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አድርሶ በሩ ሲዘጋበት ደውሎላት ነበር። ማን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሂድ አለህ፣ ወደ ቢሮ ተመለስና እስክመጣ ጠብቀኝ ብላዋለች። ተመለሰ፤ ጠበቃት። እሷም ለቨርን የነገረችውን ረስታ ሌላ ሥራ ላይ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሦስቱ ሳይመካከሩ፣ ሁሉም በየፊናው ሊሸፍናት ነው የሮጠው።

በመመለሻቸው መንገድ አእምሮዋ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ነበር። ለስታንና ለግራሲ ራሴ ልንገራቸው፣ ለሬይም ራሴ ልንገረው፣ እስከዚያ ለቦርዱ ምንም አትበል ብላ ለመነችው። ቃል ገባላት።

ሰኞ ጽሕፈት ቤቷ ሲገባ በፈገግታ ተነሥታ ተቀበለችው።

«ሆሊስ፣ መቼ ነው ታዲያ ሳንድ ክሪክ የምንሄደው?» አለችው።

ተራራ የተጫነበት መሰለው። ቃል የገባላት ሴት ቃሉን አታውቀውም። ቢያፈርሰው አታውቅ፤ ቢጠብቀው የሚጠብቀው ለማን ነው? ግራሲ ከጠረጴዛዋ ሆና አየችውና አንገቷን ደፋች።

ምሳ ሰዓት ላይ ስታንና ግራሲ መናፈሻው ውስጥ አግኝተውት ለመኑት። የመኸሩ ምርጫ ይለፍ፣ ከዚያ የሥልጣን ዘመኗ ያበቃል፣ በክብር ትውጣ አሉት። ግራሲ እሷ የምትሠራውን ሁሉ እኛ ደግመን እናየዋለን፣ ያመለጠን ያ አንድ ነገር ብቻ ነው አለች። ሆሊስ ያመለጣችሁን እናንተ እንዴት ታውቁታላችሁ ብሎ ጠየቃት።

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አለችው ግራሲ። «እንግሊዝኛ በቅጡ ሳልችል ቀጥራኝ፣ ፊደል በፊደል ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሄጄ ለዱዌን አሳልፌ ልስጣት?»

ሆሊስ ሁለቱም ላይ ተናደደ፤ ከዚያ በንዴቱ አፈረ። ሬይ ስቶልትዝም ያንኑ ቀን ነዳጅ ማደያው ላይ አግኝቶት፣ «ምነው ዶክተር፣ ምንም አልሰማሁም» ብሎት ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ኮላሮች ቤት ሄደ። ጠዋት ጠዋት ትሻላለች ብሎት ነበር ስታን። ወጥ ቤት ተቀምጠው፣ ስታን አጠገቧ ሆኖ፣ ሆሊስ ሁሉንም እንደገና ነገራት፤ በቆሎውን፣ ቁልፉን፣ ለቨርን የሰጠችውን ትእዛዝ። ሰምታ እንደማታውቅ አዲስ ሆኖባት እንደገና ደነገጠች። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችው፤ ግራሲ ታውቃለች? ያንኑ መልስ መለሰላት። አንዲትን ላም ሁለት ጊዜ የማረድ ያህል ነበር አለኝ ሆሊስ፤ ከዚያ በአነጋገሩ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔን ምን አደረገኝና።

ይህን ጊዜ ግን አርዲስ ቃል አላስገባችውም። ተነሥታ ኮቷን ፈለገች።

«አሁን እንሂድ» አለች። «ሬይ ዘንድ። አሁን እያወቅሁት።»

ሬይ ጎተራው በር ላይ የትራክተር ጎማ ሲጠግን አገኙት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሞ አዳመጣት። አርዲስ ምንም አላስጌጠችም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ታምሜያለሁ፣ መታመሜንም አላውቅም ነበር፣ ግራሲና ሌሎቹ እያወቁ ሲሸፍኑኝ ኖረዋል አለችው።

«ያን ጠዋት አሁን ታስታውሺዋለሽ?» ሲል ጠየቃት።

«አላስታውሰውም። ቨርን ደውሎልሽ ነበር አሉኝ፤ ያልኩትን ነገሩኝ፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ልዋሽህ ብፈልግ እንኳ የምዋሽበት ነገር የለኝም ሬይ።»

ሬይ ጎማው ላይ ተቀመጠና፣ «በጋውን ሙሉ በልቤ ስጣላው የነበረ ሰው ነበር» አለ። «አሁን ሳየው የለም።» ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ግራሲ ግን ታውቅ ነበር» አለ።

አርዲስ ግራሲን ተዋት ብላ ለመነችው።

«አልተዋትም» አለ ሬይ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ነገሩን የቆረጠ ሰው ድምፅ ነበር። «አንቺ አላወቅሽም። እሷ ታውቃለች። አባቴን በር ላይ ያቆመችው እሷ ናት።»

አርዲስ በዚያው ሳምንት ሥራዋን ለቀቀች። ማመልከቻዋን በራሷ ቃል ጻፈች፤ ምክንያቱንም አልደበቀችም። የቦርዱ ስብሰባ ላይ እኔም ነበርኩ። ሆሊስ ቆሞ ያገኘውን ባጭሩ ተናገረ። ሬይ ተነሥቶ ግራሲም ትሂድ አለ። ግራሲ ከኋላ ወንበር ተነሥታ አዎ፣ አውቅ ነበር፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ አውቅ ነበር አለች። ዱዌን ዞር ብሎ ቦርዱን አየ፣ ቦርዱ ጠበቃውን አየ። ትሂድ ቢሉ የመኸሩን ምርጫ የሚያስኬድ ሌላ ሰው በካውንቲው ውስጥ የለም። ትቆይ ቢሉ ሬይ እዚያ ቆሟል። በመጨረሻ ግራሲ በጊዜያዊነት ትቆይ፣ ከዋና ከተማ ደግሞ የሚከታተላት ሰው ይላክ፣ ጣቢያ ሲዛወርም ሁለት ሰዎች ሄደው በሩን ከፍተው ይዩ ተብሎ ተወሰነ። ሬይ ሳይሰናበት ወጣ። ግራሲም ሆሊስ አጠገብ ስትደርስ በሌላ በኩል ዞራ አለፈች፤ እስከ ዛሬም ሰላም አትለውም። ቨርን ጡረታ ጠየቀ። ዋና ከተማም ቢሆን ቆይቶ ለቦርዱ ጻፈ፤ ሆሊስን የመመደብ ሥልጣን ነበራችሁ ወይ፣ አስረዱ ይላል። ዱዌን ማንን እንደሚጠይቅ አላወቀምና እንደዚሁ ቀረ።

ሰዎች ሆሊስን ደግ አደረግህ ይሉታል፤ ሌሎቹ ትንሽ ብትታገሥ ምን ነበረበት ይሉታል። ሁለቱንም ልክ ናችሁ ይላቸዋል። ከልቡ ነው እንጂ ሊገላገላቸው አይደለም።

በመኸሩ ምርጫ ቀን እኔና ሆሊስ ድምፅ የምንሰጥበት የእሳት አደጋ ጣቢያ ጠዋቱን ሰው ሞልቶት ነበር። ግራሲ በየጣቢያው እየዞረች ስለነበር እዚያ ደርሳለች፤ ከዋና ከተማ የተላከችው ሴትዮም ከኋላዋ አለች። ስታንና አርዲስ ገቡ። ሰው ሁሉ ወሬውን ያውቃልና መንገድ ለቀቀላቸው። ግራሲ ራሷ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ሰጠቻት። አርዲስ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ቆየች። በጣም ቆየች። ስታን ሊገባ አንድ ርምጃ ተራመደና ቆመ፤ ካልጠራችው መግባት እንደማይፈቀድለት ያውቃል። ሴትዮዋ ግራሲን አየቻት፣ ግራሲ ተያት በሚል ራሷን ነቀነቀች። ሆሊስ በጆሮዬ፣ ማንን እንደምትመርጥ ታውቅ ይሆን አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፤ የሚጠይቃት ሰውም የለም፣ መጠየቅም አይቻልም።

ወጣች። ወረቀቱን በእጇ ሸፍና ሣጥኑ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ሰልፉን ቆማ አየችውና ቅንድቧን ሰበሰበች።

«መጋረጃው ላይ ተጠግታችኋል» አለች። «ወደ ኋላ በሉ። ድምፅ የሚሰጠው ሰው እስኪጨርስ ከዚህ አትለፉ።»

ግራሲ መሬቱ ላይ የተለጠፈውን መስመር አየች። እውነትም አልፈነው ነበር። «ልክ ናት» አለች፣ «ወደ ኋላ በሉ»፣ እኛም ተገፋፍተን ወደ ኋላ አልን።